የስኬል ሞዴል ቪዲዮ ቻናል ተመልካች የሚያፈራው እንዴት ነው?

አንድ ሰው በ1/72 ስኬል፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ አሳንሶ፣ የሚሠራውን የአውሮፕላን ሞዴል ቀለም ቀብቶና ዲካሉን (በውሃ ተነክሮ የሚለጠፈውን ስስ የምልክት ሥዕል) ለጥፎ ይተኛል፤ ጠዋት ሲመለስ በዲካሉ ሥር እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ጥላ ያገኛል። የሳምንታት ድካሙ እንዳይበላሽበት ስለሚሰጋ ሞዴሉን ሳይነካ ስልኩን አንሥቶ መፍትሔ መፈለግ ይጀምራል። የስኬል ሞዴል ቻናል የሚያድገው ይህ ሰው በዚያች ሰዓት መልሱን ሲያገኝበት ነው እንጂ፣ ያለቀለት ሞዴል በሙዚቃ ታጅቦ ሲሽከረከር ስለተመለከተ አይደለም። መልሱን ያገኘ ሰው ለሚቀጥለው ችግሩ ተመልሶ ይመጣል፤ ቀጥሎ የቀረቡት ደረጃዎችም ይህንን ሰው ለማግኘትና ለማቆየት የሚረዱ ናቸው።

አንደኛ ደረጃ፦ ለማን እንደሚሠሩ ይወስኑ

የሞዴል ሠሪዎች ዓለም ከውጭ ሲታይ አንድ ቢመስልም በስኬልና በዘርፍ የተከፋፈለ ነው። ታንክ የሚሠራው በአብዛኛው 1/35ን፣ አውሮፕላን የሚሠራው 1/72ን ወይም 1/48ን፣ መርከብ የሚሠራው 1/350ን ወይም 1/700ን፣ መኪና የሚወደው ደግሞ 1/24ን ወይም 1/25ን ይመርጣል። የመርከብ ሠሪው ጭንቀት እንደ ፀጉር የቀጠነውን የብረት አጥር ሳያጣምም ማጠፍና መለጠፍ ሲሆን፣ የመኪና ሠሪው ጭንቀት ደግሞ እንደ መስታወት በሚያበራው ቀለም ላይ አቧራ እንዳያርፍበት ነው። አንዱ ለሌላው ጥያቄ ብዙም ደንታ የለውም።

ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን አሥር ቪዲዮዎች በአንድ ዘርፍ ላይ ይሥሩ። የዩቲዩብ የጥቆማ ሥርዓት አንድን ቪዲዮ ለማን እንደሚያቀርብ የሚወስነው የቀደሙት ተመልካቾች ካደረጉት ተነሥቶ በመሆኑ፣ ዛሬ ታንክ፣ ነገ መርከብ፣ ከነገ ወዲያ ሮቦት የሚያቀርብ አዲስ ቻናል ተመልካቹ ማን እንደሆነ ለሥርዓቱም ለሰውም ግልጽ አይሆንም። ዘርፉን ማስፋት የሚቻለው ሰዎች እርስዎን በአንድ ነገር ካወቁዎት በኋላ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ርዕሱን ከጥያቄ ያውጡ

ሥራ ላይ ሳሉ ማስታወሻ ደብተር ከአጠገብዎ አይለይ። እጅዎ የቆመበትን፣ መመሪያው ግልጽ ያልሆነበትን፣ ክፍሎቹ አልገጥም ያሉበትን ቦታ ሁሉ ይጻፉ፤ እርስዎን ያስቸገረው ነገር ያንኑ ኪት (በሣጥን የሚሸጠውን የሞዴል ክፍሎች ስብስብ) የገዛውን ሌላ ሰው ማስቸገሩ አይቀርም። ከዚያም ለቪዲዮው ርዕስ ሲሰጡ የአምራቹን ስም፣ ስኬሉን፣ የሞዴሉን ስምና የተፈታውን ችግር በቅደም ተከተል ያስቀምጡ። «ታሚያ 1/48 ስፒትፋየር፦ የክንፉን መጋጠሚያ ክፍተት መሙላት» የሚለውን ርዕስ ፈልጎ የሚመጣ ሰው አለ፤ «አዲሱ ሥራዬ፣ ክፍል አንድ» የሚለውን ግን ማንም አይፈልገውም። ዩቲዩብ ለርዕስ እስከ 100 ቁምፊ ቢፈቅድም በስልክ ላይ መጨረሻው ስለሚቆረጥ ዋናው ቃል ፊት ይቀመጥ።

እዚህ ላይ በዘርፉ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ የሚያስተውለው አንድ ጥቅም አለ። የፕላስቲክ ኪት የሚወጣበት የብረት ሻጋታ ለማሠራት እጅግ ውድ በመሆኑ፣ አምራቾች አንዱን ሻጋታ ለአሥርት ዓመታት ይጠቀሙበታል፤ ሣጥኑንና ዲካሉን ለውጠው ደግመው ደጋግመው ለገበያ ያቀርቡታል። በመሆኑም ዛሬ ስለ አንድ አሮጌ ኪት በጥንቃቄ የሠሩት ቪዲዮ ከዓመታት በኋላም ፈላጊ ይኖረዋል። አዲስ የወጣ ኪት ፈጥኖ ማቅረብ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ዓይን ይስባል፤ ይሁን እንጂ በእኔ አመለካከት የአንድ ትንሽ ቻናል መሠረት መሆን ያለበት ብዙ ሰው ቤት የሚገኘውና በቂ ማብራሪያ ያልተሰጠበት ኪት ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ትንሹን ነገር በትክክል ያሳዩ

የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.23 ሜትር ሲሆን በ1/72 ስኬል 15.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ቁመቱ 1.75 ሜትር የሆነ አብራሪ ደግሞ ወደ 2.4 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ጭንቅላቱም ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚህ መጠን ላይ የሚሠራ የብሩሽ ጫፍ ካልታየ ትምህርቱ የለም ማለት ነው።

ውድ ካሜራ ከመግዛትዎ በፊት ለመብራት ገንዘብ ያውጡ። ቀለምን በትክክል የማሳየት ደረጃው፣ ማለትም ሲአርአዩ፣ 95 እና ከዚያ በላይ የሆነ የኤልኢዲ መብራት ከሌለ በአረንጓዴና በወይራማ ግራጫ መካከል ያለው ልዩነት በቪዲዮው ላይ ይጠፋል፤ ለሞዴል ሠሪ ደግሞ ዋናው ጉዳይ ይኸው ልዩነት ነው። የመስኮት ብርሃንና የአምፖል ብርሃን አይቀላቅሉ፤ የካሜራውንም ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) በእጅ ይቆልፉት። መብራቱ በቪዲዮው ላይ የሚርገበገብ ከሆነ የሹተሩን ፍጥነት ከኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ ጋር ያስማሙ፤ 50 ኸርዝ በሆነበት 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ፣ 60 ኸርዝ በሆነበት ደግሞ 1/60 ወይም 1/120 ሰከንድ ያድርጉት።

ፎከሱም በእጅ መቆለፍ አለበት፤ አለበለዚያ ካሜራው ከጣትዎ ወደ ብሩሹ፣ ከብሩሹ ወደ ጣትዎ ሲመላለስ ተመልካቹን ያደክማል። ካሜራውን በትራይፖድ ክንድ ከላይ አንጠልጥለው ጠረጴዛው ላይ እጅዎ የማይወጣበትን ሳጥን በቴፕ ምልክት ያድርጉ። ከሥር የሚነጠፈው ነገር የማያብረቀርቅ ግራጫ ቢሆን ይመረጣል፤ አረንጓዴ ታንክ በአረንጓዴ መቁረጫ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ ቅርጹ ይዋጣል።

አሁን የመጋጠሚያ ክፍተትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከላይ በሚመጣ ብርሃን ክፍተቱ ጨርሶ አይታይም። መብራቱን ዝቅ አድርገው ከክንፉ ጎን ሲያጋድሉት ግን ክፍተቱ እንደ ጥቁር ክር ብቅ ይላል። ይህንን ቅጽበት ይቅረጹ። ከዚያም መሙያውን ሲቀቡ፣ ከደረቀ በኋላ በ400፣ በ600 እና በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተራ በተራ ሲያሹት፣ ግራጫ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) ሲነፉበት ያሳዩ፤ በመጨረሻም መብራቱን በዚያው ቦታና በዚያው ማዕዘን መልሰው ክሩ መጥፋቱን ያረጋግጡ። በፊትና በኋላ ያለው ምስል በተለያየ ብርሃን ከተቀረጸ ልምድ ያለው ተመልካች ወዲያው ይጠረጥራል፤ እምነቱንም መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ ስሕተቱን ቆርጠው አይጣሉ

በአንድ ወቅት የአውሮፕላን ኮክፒት መስታወት በሱፐር ግሉ ለጥፌ በማግስቱ ውስጡ በነጭ ጉም ተሸፍኖ አገኘሁት። ሙጫው ሲደርቅ የሚወጣው ትነት በጠራው ፕላስቲክ ላይ አርፎ የሚፈጥረው ጉም ነው። ምስሉን ከቪዲዮው ለማውጣት ወስኜ ነበር፤ ነገር ግን ያለዚያ ክፍል ታሪኩ ስለተቋረጠብኝ ሳላወጣው ተውኩት። መስታወቱን እንዴት እንዳነሣሁት፣ በጥሩ ማለስለሻ እንዴት እንዳሸሁት፣ በሚያበራ አክሪሊክ ቫርኒሽ ውስጥ ነክሬ እንዴት እንዳጠራሁት፣ በሁለተኛው ጊዜም ጉም በማያወጣ ነጭ ሙጫ እንዴት እንደለጠፍኩት በዝርዝር አስቀመጥኩ። በዚያ ቪዲዮ ሥር የተጻፉት ጥያቄዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ስለዚያ ክፍል ነበሩ።

ስሕተትን ማሳየት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም መነገር አለበት። በመግቢያው የተጠቀሰውን የዲካል ብርማ ጥላ ብንወስድ፣ መንሥኤው በዲካሉ ሥር የታመቀ አየር ነው። ሻካራው ቀለም ዲካሉ ከወለሉ ጋር ሙሉ በሙሉ እንዳይጣበቅ ስለሚያደርገው በመካከላቸው አየር ይቀራል። ስለዚህ ዲካል ከመለጠፉ በፊት የሚያበራ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ችግሩ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ዲካሉ በመርፌ ጫፍ ተወጋግቶ ዲካልን የሚያለሰልስ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ምክንያቱን የተረዳ ተመልካች በሌላ ሞዴል ላይም ይጠቀምበታል፤ ማን እንዳስተማረውም ያስታውሳል።

የጤና ጥንቃቄም ከዚሁ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። ተመልካች ያየውን ይኮርጃል። ኤርብረሽ (ቀለምን በአየር ግፊት የሚነፋ መሣሪያ) ሲጠቀሙ ወይም ከሬዚን (ፕላስቲክ መሰል ጠንካራ ነገር) የተሠራ ክፍል ሲያሹ ተገቢውን የመተንፈሻ ጭምብል ያድርጉ፤ ካሜራውም ይየው።

አምስተኛ ደረጃ፦ ኤዲቱ የተመልካቹን ጊዜ ያክብር

አርባ ሰዓት የፈጀ ሥራ በአሥራ አምስት ደቂቃ ሲተረክ የሚቀረው ውሳኔ የተላለፈበት ቅጽበት ሁሉ መሆን አለበት። ማሸት አሰልቺ ነው፤ አጀማመሩን፣ ሠሪው ቆም ብሎ በጣቱ የዳሰሰበትን ጊዜና ፍጻሜውን ማሳየት ይበቃል። ቀለም ሲቀላቀል ግን አይቸኩሉ፤ ምጥጥኑን፣ የቀለሙን ስምና ቁጥር በጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ያስቀምጡ፤ በቪዲዮው ሥር ባለው ማብራሪያም ይድገሙት።

የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ሰከንዶች ለአርማና ለሙዚቃ አያውሉ። ችግሩን ያሳዩ፣ የተፈታውን ውጤት ለአፍታ ያሳዩ፣ ወደ ሥራው ይግቡ። ድምፅዎን ከቀረጻው በኋላ ለብቻ ቢቀዱ የተሻለ ነው፤ እየሠሩ መናገር እጅንም አንደበትንም ያሰናክላል። የመቁረጫውን ጠቅታና የኤርብረሹን ትንፋሽ ግን አያጥፉ፤ ብዙዎች እነዚህን ድምፆች ይወዷቸዋል። ሙዚቃ ካስፈለገ በዩቲዩብ የድምፅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካሉት ይምረጡ፤ መብት ያለበት ሙዚቃ ቪዲዮው ላይ የይገባኛል ጥያቄ ያስነሣል።

ቪዲዮውን በምዕራፍ መክፈልም አይዘንጉ። በማብራሪያው ውስጥ ከ00:00 የሚጀምር፣ ቢያንስ ሦስት ምዕራፎች ያሉት፣ እያንዳንዱም ከ10 ሰከንድ የማያንስ የሰዓት ዝርዝር ሲጻፍ ዩቲዩብ ምዕራፎቹን ራሱ ያወጣል። የተቸገረው ሰው በቀጥታ ወደ ዲካሉ ክፍል ይሄዳል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ የፊት ምስሉ

ተምኔይሉን 1280 በ720 ፒክሰል አድርገው ያዘጋጁና በስልክ ላይ በሚታይበት መጠን አሳንሰው ይፈትኑት። ሙሉ ሞዴል በዚያ መጠን የማይለይ ጉድፍ ይሆናል፤ አንድ ክፍል ብቻ ቀርቦ ሲታይ፣ ግማሹ ጥሬ ፕላስቲክ ግማሹ ያለቀ ሲሆን፣ ጥያቄውና መልሱ በአንድ ጊዜ ይነበባል። በቪዲዮው ውስጥ የሌለ ነገር በተምኔይል ላይ ማስቀመጥ ግን ጨርሶ አይገባም።

ሰባተኛ ደረጃ፦ በማይሰበር ፍጥነት ይሥሩ

በየሳምንቱ አወጣለሁ ብሎ ቃል መግባት ለዚህ ዘርፍ አይመችም። ኤናሜል ቀለምና የዘይት ቀለም እስኪደርቁ ቀናት ይፈልጋሉ፤ የተቻኮለ ሥራ ደግሞ በቅርብ ሲቀረጽ ያስታውቃል። ሁለት ኪቶችን ጎን ለጎን መሥራት ይረዳል፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይቀረጻል። ረጅም ግንባታ በተከታታይ ክፍሎች ሲቀርብ ከክፍል ወደ ክፍል ተመልካች መቀነሱ የተለመደ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን ችሎ አንድ ነገር ያስተምር፤ አንዱ ኮክፒቱን፣ ሌላው ቀለሙን፣ ሦስተኛው የእርጅናና የዝገት አሠራሩን። ከዚያ በፕሌይሊስት ያስተሳስሯቸው፤ በመጨረሻዎቹ 20 ሰከንዶች ውስጥም የሚቀጥለውን ቪዲዮ በኤንድ ስክሪን (በቪዲዮው ማብቂያ ላይ በሚታየው ማያያዣ) ያመልክቱ።

ከጥቅምት 2024 ወዲህ እስከ 3 ደቂቃ የሚደርሱት ሾርትሶች (የዩቲዩብ አጫጭር ቪዲዮዎች) አንድን ብልሃት ብቻ ለማሳየት ጥሩ ናቸው። እኔ የምጠቀምባቸው ወደ ረጅሙ ቪዲዮ እንደሚያስገባ በር ነው፤ በሾርትስ ብቻ የተሰበሰበ ተከታይ ለረጅሙ ሥራ ትዕግሥት አይኖረውም ብዬ አምናለሁ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ከሠሪዎቹ ጋር ይኑሩ

ለአስተያየት መልስ ሲሰጡ «አመሰግናለሁ» ብቻ ብለው አይለፉ፤ ጥያቄውን መልሰው በተራዎ ይጠይቁ፤ የትኛውን ቀለም እንደተጠቀመ፣ በየትኛው ኪት ላይ እንደሞከረው። ዓለም አቀፉ የፕላስቲክ ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር በ1963 በብሪታንያ ከተመሠረተ ጀምሮ ይህ ሙያ በክበብና በኤግዚቢሽን ያደገ ነው። ሞዴልዎን ይዘው በአካል ሲቀርቡ፣ የሌላውን ሥራ በአክብሮት ሲጠይቁ፣ ቻናልዎን ማስተዋወቅ ሳያስፈልግዎ ሰው ይጠይቅዎታል። ከአምራች ወይም ከሻጭ በነፃ የተሰጠ ኪት ከሆነ በቪዲዮው መጀመሪያ በግልጽ ይናገሩ፤ ክፍሎቹ ካልገጠሙም አልገጠሙም ይበሉ።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ቁጥሮቹን ያንብቡ፣ አሮጌውንም ያድሱ

ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወራት 4,000 የታየ ሰዓት፣ ወይም በ90 ቀናት 10 ሚሊዮን የሾርትስ እይታ ይጠይቃል። ይህ ደጃፍ ነው፤ ለሥራው የሚጠቅሙት ግን ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ተመልካች የት ላይ እንደወጣ የሚያሳየው ግራፍ ነው፤ መስመሩ በድንገት የወረደበትን ደቂቃ ከፍተው ሲያዩት ብዙ ጊዜ የተራዘመ ንግግር ወይም ያልጠራ ምስል ያገኛሉ፤ ከፍ ያለበት ቦታ ደግሞ ሰዎች ደግመው ያዩት ብልሃት ስለሆነ የሚቀጥለው ቪዲዮ ርዕስ እሱ ነው። ሁለተኛው ሰዎች ምን ብለው ፈልገው እንደመጡ የሚያሳየው የፍለጋ ቃላት ዝርዝር ነው፤ ያልመለሱት ጥያቄ በዚያ ውስጥ ካለ በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ይመዝግቡት።

በየስድስት ወሩ የቀደሙ ቪዲዮዎችዎን ይመልከቱ። ርዕሱን በፈላጊው ቃል ያስተካክሉ፣ ተምኔይሉን ይቀይሩ፤ ዛሬ የተሻለ ዘዴ የሚያውቁ ከሆነም በቪዲዮው ሥር ከላይ በሚሰካ አስተያየት እርማቱን ጽፈው ወደ አዲሱ ቪዲዮ ይምሩት።