መብራት በሄደ ቁጥር የሚጠፋው የቢሮ ኮምፒውተር

የቢሮዬን ኮምፒውተር ከቤት ሆኜ በሪሞት ዴስክቶፕ እጠቀማለሁ። ቪፒኤኑ (ከቤት ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባኝ መስመር) በሰላም ይገናኛል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ኮምፒውተሩን አላገኘውም። መጀመሪያ ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደውን ፋየርዎል ጠረጠርኩ። እሱ ደህና ነው፣ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚያልፍበት በር፣ ፖርት 3389፣ ክፍት ነው። ሁለት ቀን ለፋሁ።

በመጨረሻ ቢሮ ላለች ባልደረባዬ ደወልኩላት። «እባክሽ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተሽ አይፒኮንፊግ (ipconfig) ብለሽ ጻፊልኝ» አልኳት። ያነበበችልኝ አይፒ አድራሻ (ኮምፒውተሩ በኔትወርኩ ላይ የሚገኝበት ቁጥር) እኔ ከያዝኩት የተለየ ነው! የኔው በ24 ያልቃል፣ የኮምፒውተሩ በ31። ያኔ ገባኝ። ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ አድራሻውን እንደ አዲስ አድሎታል። እኔ ቤት የቀየረን ሰው በድሮ ሰፈሩ ስፈልግ ነበር።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ራውተሩ ላይ የኮምፒውተሩን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር) ከአንድ አይፒ ጋር አሰርኩት። አይፒውን ኮምፒውተሩ ላይ በእጅ መሙላትም ይቻላል። ግን ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለሌላ ከሰጠው ሁለቱ ይጋጫሉ። ስለዚህ ራውተሩ ላይ ማሰሩን እመርጣለሁ። እዛው እያለሁ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ገብቼ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሳ አደረግኩ። ይቺን አትርሷት፣ ያልበራ ኮምፒውተር ውስጥ በምንም መንገድ አይገባም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ መብራት ሄዷል። ሦስቱንም ጊዜ በመጀመሪያው ሙከራ ገባሁ።