በድሬዳዋ አካባቢ ትልቅ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ለመገንባት፦ ሥራው ከየት ይጀመራል?

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው የከተማዋ ዙሪያ ለፀሐይ ኃይል ማመንጫ ተስማሚ ስለመሆኑ አይከራከርም። ሜዳው በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ በዓመት ከ2,000 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የፀሐይ ጨረር ያገኛል፤ የደመናው ወቅትም አጭር ነው። ይሁን እንጂ 20 ወይም 50 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ለመገንባት የተነሳ መሐንዲስ የመጀመሪያዎቹን ወራት ጨረር በመለካት ብቻ ቢያሳልፍ ዋናውን ጉዳይ ወደ ኋላ አስቀርቷል። እዚህ ጨረር ሞልቷል። የፕሮጀክቱን ዕጣ የሚወስኑት የማስተላለፊያ መስመሩ ቅርበት፣ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍና የቆላው ሙቀት ናቸው፤ የሥራው ቅደም ተከተልም እነዚህን የተከተለ ሊሆን ይገባል።

ቦታ ከመመረጡ በፊት ኃይሉ የሚገባበት የማከፋፈያ ጣቢያ ይታወቅ። ከኢትዮጵያ ወደ ጅቡቲ ኃይል የሚወስደውና በ2011 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በዚህ በኩል ያልፋል፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩና የኤሌክትሪክ ባቡሩም በአካባቢው ያሉ ኃይል ተጠቃሚዎች ናቸው። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ቀን የሚመነጨው የፀሐይ ኃይል እዚያው አካባቢ ጥቅም ላይ ሲውል ከሩቅ ግድቦች በሚመጣው ረጅም መስመር ላይ የሚባክነው ኃይል ይቀንሳል፣ ግድቦቹም ውሃቸውን ለምሽቱ ከፍተኛ ፍጆታ ያቆያሉ። ሆኖም መስመር አጠገብ መሆን ብቻውን በቂ ስላልሆነ፣ በማከፋፈያ ጣቢያው ተጨማሪ መግቢያ የሚሠራበት ቦታ መኖሩን፣ ትራንስፎርመሩ ምን ያህል ትርፍ አቅም እንዳለውና የአጭር ዙር ከረንቱ (በብልሽት ጊዜ በጣቢያው ሊያልፍ የሚችለው ከፍተኛ ከረንት) ምን ያህል እንደሆነ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር በጋራ ማጥናት ያስፈልጋል። በእኔ ዕይታ ከማከፋፈያ ጣቢያው 5 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ትንሽ ወጣ ገባ ያለ መሬት፣ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ ለጥ ያለ ሜዳ ይሻላል፤ መሬቱን ማስተካከል የአንድ ጊዜ ወጪ ሲሆን የረጅም መስመር ብክነትና ጥገና ግን ጣቢያው እስካለ ድረስ ይቀጥላል።

ስለ ሕጉ በአጭሩ፦ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006፣ የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የመሬት ካሳን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጠረጴዛው ላይ ሊኖሩ ይገባል። ለአንድ ሜጋ ዋት ከአንድ ሄክታር ተኩል እስከ ሁለት ሄክታር መሬት ስለሚያስፈልግ፣ 50 ሜጋ ዋት ማለት እስከ 100 ሄክታር የሚደርስ የግጦሽ መሬት ማጠር ማለት ነው። ግመልና ፍየል ወደ ውሃ የሚነዱበት መንገድ በአጥሩ ውስጥ ከተዋጠ በኋላ የሚደረግ ሽምግልና ጊዜው ያለፈበት ነው። የአገር ሽማግሌዎችና አርብቶ አደሮች ንድፉ ወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት መንገዶቻቸውን በእግር እየሄዱ እንዲያሳዩ ይጋበዙ፤ ንድፉም በዚያው ይቀረጽ።

አሁን ወደ ጎርፉ እንምጣ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው ደረቅ ወንዝ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈው ድሬዳዋ ላይ በጣለ ዝናብ ብቻ አልነበረም፤ ውሃው ከደቡብ፣ ከደንገጎ በላይ ካለው ደጋ ተሰብስቦ የወረደ ነው። ለመሐንዲሱ ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው። በቦታው ላይ የሚጥለውን ዝናብ ብቻ ይዞ የተሠራ የጎርፍ ስሌት እዚህ አያገለግልም፤ ስሌቱ ተፋሰሱን እስከ ተራራው ጫፍ ድረስ መያዝ አለበት። በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ሊከሰት የሚችለው ጎርፍ በሜዳው ላይ ምን ያህል ጥልቀትና ፍጥነት እንደሚኖረው በትክክለኛ የከፍታ ልኬት ላይ ተመሥርቶ ይተንበይ። ከዚያ ካርታው ተይዞ ወደ መስክ ይወጣል፦ በግራር ግንዶች ላይ ተጠላልፎ የቀረ ጭራሮ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ፣ አሸዋው ታጥቦ ሥር የተገለጠባቸው ዛፎች የት እንደሆኑ፣ ድንጋዩ በየትኛው አቅጣጫ ተገፍቶ እንደተደረደረ ይታይ። ደረቅ የወንዝ መውረጃ በየጊዜው አቅጣጫውን ስለሚቀይር ዛሬ ባዶ የሆነው አሸዋ ነገ ዋናው ወራጅ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚከተሉት የንድፍ ውሳኔዎች ግልጽ ናቸው። ከዋናው መውረጃ በበቂ ሁኔታ ይራቅ፤ ትናንሾቹን ቦዮች ግን በግሬደር ደምስሶ ሜዳውን ጠፍጣፋ ማድረግ አያዋጣም፣ ውሃው የቀድሞ መንገዱን ፈልጎ በፓኔሎቹ መካከል አዲስ ቦይ ይቆፍራልና። ሣሩና ቁጥቋጦው በተቻለ መጠን ሳይነቀል ይቆይ፤ አፈሩን የያዘው እርሱ ነው። ትራንስፎርመርና የፓኔሎቹን ቀጥተኛ ከረንት ወደ ተለዋዋጭ ከረንት የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚቀመጡባቸው መደቦች ከተተነበየው የጎርፍ ከፍታ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበሉ። ምሰሶዎች ሲተከሉም ውሃው ከሥራቸው ሊያጥበው የሚችለው አፈር እንደሌለ ተቆጥሮ በዚያው ልክ ጥልቀት ይጨመር። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አጥሩ ነው። የሽቦ አጥር ቦይን አቋርጦ ሲያልፍ ጎርፉ የሚያመጣውን ጭራሮና ቆሻሻ ይይዝና በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ግድብነት ይቀየራል፤ ግድቡ ሲደረመስም የተጠራቀመው ውሃ በአንድ ጊዜ በፓኔሎቹ ላይ ይለቀቃል። ስለዚህ በቦዩ ላይ የሚያልፈው የአጥር ክፍል ከታች ክፍት ሆኖ የሚንጠለጠል ወይም ግፊት ሲበዛበት በራሱ ተለቅቆ የሚወድቅ ይሁን።

የአፈር ምርመራው ከጎርፉ ጥናት ጋር አብሮ ይሄዳል። ጎርፍ ያመጣው አሸዋና ጠጠር ምሰሶን በደንብ ላይዝ ይችላል፤ ኖራ ድንጋይ ወደ ላይ በወጣበት ደግሞ የምሰሶ መትከያው ማሽን ብረቱን ያጣምማል እንጂ አያስገባም፣ አስቀድሞ መቦርቦር ያስፈልጋል። በላቦራቶሪ ውጤት ብቻ ሳይወሰኑ በቦታው ላይ የሙከራ ምሰሶዎች ተተክለው ወደ ላይ እየተሳቡና ወደ ጎን እየተገፉ ይፈተኑ፤ ፓኔል የተሸከመ ምሰሶን ከመሬት ሊነቅለው የሚሞክረው ዋነኛ ኃይል ነፋስ ነው። መሬቱ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ መጤ ዛፍ የወረረው ከሆነ ከላይ መቁረጥ ብቻ ከንቱ ድካም ነው፤ ከጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ ከአፈር በታች ገብቶ ሥሩን መቁረጥ ግድ ይላል።

ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ በሰኔ ወር የቀትሯ ፀሐይ ወደ ሰሜን አልፋ ትታያለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ብታዘነብልም በቀትር ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። የማይንቀሳቀሱ ፓኔሎች ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ አካባቢ ቢያዘነብሉ ይበቃቸዋል፤ ከዚያ በታች ከሆኑ ዝናብ አቧራውን አያጥበውም። በእንዲህ ያለ ቦታ ግን ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጋ ዘንግ ላይ ሆኖ ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ከሰዓት ወደ ምዕራብ የሚዞረው ትራከር ከ15 እስከ 25 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ሊያስገኝ ስለሚችል፣ መሬቱ ቁልቁለት ካልበዛበትና ለሞተሮቹ የሚሆን የጥገና ባለሙያ ካለ እኔ የምመርጠው እርሱን ነው።

ሙቀቱ ብዙ ነገር ይቀይራል። የፓኔል አቅም የሚጻፈው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተለክቶ ነው፤ በግንቦት ቀትር ፓኔሉ ራሱ 65 ዲግሪ ቢደርስና በያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 በመቶ የሚያጣ ቢሆን፣ 14 በመቶ የሚሆነው ኃይሉ በዚያ ሰዓት የለም ማለት ነው። በአንጻሩ ሙቀቱ አንድ ጥቅም አለው። የፓኔል ቮልቴጅ የሚጨምረው ቅዝቃዜ ሲበረታ ነው። ያለ ጭነት 50 ቮልት የሚሰጥና በዲግሪ 0.25 በመቶ የሚለዋወጥ ፓኔል በ10 ዲግሪ ንጋት 51.9 ቮልት ይደርሳል፤ ስለዚህ 1,500 ቮልት በሚችል ሥርዓት 28 ፓኔሎችን በአንድ መስመር ማያያዝ ይቻላል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ አገር ይኸው ፓኔል 55.6 ቮልት ስለሚደርስ 26 ብቻ ይፈቀዳል። ከውጭ የመጣ ንድፍን ሳያሰሉ መገልበጥ እንግዲህ ለተጨማሪ ኬብልና ለተጨማሪ መገናኛ ገንዘብ ማውጣት ነው። በሌላው ጫፍ፣ ፓኔሎቹ በጋሉ ጊዜ የመስመሩ ቮልቴጅ ኢንቨርተሩ ከሚፈልገው ዝቅተኛ ልክ በታች እንዳይወርድ ይረጋገጥ።

የተቀበሩ ኬብሎችም እንዲሁ ናቸው። ደረቅ አሸዋ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም፤ የመቋቋም ልኩ የኬብል ሠንጠረዦች ብዙ ጊዜ ከሚያስቡት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ በቦታው ላይ በበጋ ሳይለካ የተመረጠ ኬብል ውስጥ ውስጡን እየጋለ ሽፋኑ ያረጃል። መሣሪያዎቹን ለደኅንነት ከመሬት ጋር የሚያገናኘው የምድር ኬብል መረብ የመሬት ተቃውሞም በበጋ ይለካ። ከፍታውም ይታሰብ፦ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ብዙዎቹ የከፍተኛ ቮልቴጅ መሣሪያዎች መደበኛ ልካቸው እስከ 1,000 ሜትር ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር የማቀዝቀዝና ኤሌክትሪክ እንዳይዘል የመከለል አቅሙ ስለሚደክም አምራቹ ለዚህ ከፍታ የሰጠው ማስተካከያ በግዢ ሰነዱ ውስጥ ይካተት።

ዕቃው ከጅቡቲ ወደብ በባቡርም ሆነ በደወሌ መንገድ በቅርብ ስለሚደርስ ማጓጓዙ ከሌሎች አካባቢዎች ይቀላል። ጥንቃቄ የሚያሻው ተከላው ነው። ፀሐይ እስካለች ድረስ ፓኔልን ማጥፋት አይቻልም፤ ሠራተኛው የሚይዘው ሽቦ ዋናው ማብሪያ ባይበራም ኃይል አለው። ከመገናኛዎቹ አንዱን በቅርብ እንመልከት፦ የኬብሉ ሽፋን የመዳብ ክሮቹ ሳይቆረጡ ይላጣል፣ ክሮቹ ሁሉ ወደ ብረቱ እጅጌ ይገባሉ፣ በፒንሳ ሳይሆን ለዚያ መገናኛ በተሠራው መጭመቂያ ይጨመቃሉ፣ ወደ ፕላስቲኩ ሲገፋ «ቀጭ» ብሎ ይቆለፋል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሳብ ተደርጎ ይፈተሻል። የሁለት አምራቾች ወንድና ሴት መገናኛዎች ቢገጣጠሙም እንኳ አንድ ላይ አይደረጉ፤ በልካቸው ትንሽ ልዩነት ምክንያት የሚፈጠረው ሙቀት ከጊዜ በኋላ እሳት ያስነሳል። ይህን ሥራ ልብ ብሎ መሥራት የሚቻለው በማለዳ ነውና፣ ቀትሩን ለዕረፍት ትቶ ሥራን ንጋት ላይ መጀመር ለሠራተኛው ጤናም ለሥራው ጥራትም ይበጃል።

ኃይል ከመለቀቁ በፊት የእያንዳንዱ የፓኔል መስመር አዎንታዊና አሉታዊ ጫፎች አለመገለባበጣቸው፣ ቮልቴጁና የሽፋኑ የመከለል ተቃውሞ ተለክቶ ይመዝገብ። ጣቢያው ሙሉ ጭነት ላይ እያለ ደግሞ ፓኔሎቹና መገናኛዎቹ በሙቀት ካሜራ ይታዩ፤ ከጎረቤቶቹ ይልቅ የጋለ መገናኛ በምስሉ ላይ ወዲያው ይለያል።

የመጨረሻው ጉዳይ አቧራና ውሃ ነው። የድሬዳዋ የጉድጓድ ውሃ ኖራ የበዛበት መሆኑን የማያውቅ የከተማዋ ነዋሪ የለም፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በፓኔል መስታወት ላይም ይጋገራል፣ ከዚያ በኋላ አቧራውን ማጠብ ብርጭቆውን ከማደብዘዝ አይለይም። ውሃ የሚያንስባት ከተማ ውሃዋን ለፓኔል ታፍስ ማለትም ተገቢ አይመስለኝም። በደረቅ ብሩሽ የሚሠሩ ማጽጃዎች ይቅደሙ፤ ውሃ የግድ ከሆነ ኖራው ተጣርቶ የወጣለት ይሁን፣ የጋለ መስታወት በቀዝቃዛ ውሃ ሊሰነጠቅ ስለሚችልም ከፀሐይ መውጣት በፊት ይታጠብ። መቼ መጽዳት እንዳለበት ለመወሰን ሁለት ተመሳሳይ ፓኔሎች ጎን ለጎን ተተክለው አንዱ በየዕለቱ ይጠረግ፣ ሌላው ይተው። በሁለቱ መካከል ያለው የኃይል ልዩነት በመላው ጣቢያ ሲሰላ የሚያሳጣው ገንዘብ ከአንድ ዙር የጽዳት ወጪ በበለጠበት ቀን ጽዳቱ ይጀመር።