ልጅ መርዝ ቢጠጣ ሐኪም ቤት እስኪደርስ ምን ይደረግ?

ባሕር ዳር በሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ከፎገራም ከዘጌም ልጅ ታቅፈው የሚመጡ እናቶች «ወተት ጋትሁት፣ ጣቴንም ከትቼ አስመለስሁት» ይሉኛል። እባካችሁ፣ አታስመልሱ። ላምባ የጠጣ ልጅ ሲያስመልሰው ላምባው ወደ ሳንባው ይገባል፤ ክፉው ጉዳትም ያ ነው። በረኪናም ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ እንደገና ያቃጥለዋል።

የሽንኩርት ወይም የሩዝ ፀረ ተባይ ከሆነ ቶሎ ልብሱን አውልቁ፤ ገላውንና ፀጉሩን በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡ። መርዙ በቆዳም ስለሚገባ የምታጥቡት እጃችሁ ላይ ፌስታል አጥልቁ። ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ካላበው፣ የዓይኑ ብሌን እንደ ጤፍ ፍሬ ካነሰ፣ ትንፋሹ ከከበደው ለደቂቃም አትዘግዩ። አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ግን ልጁ በጊዜ መድረስ አለበት።

ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት፤ በጎኑ አስተኝታችሁ አምጡት። ጤና ጣቢያ የሚቀርብ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

አጥብቄ የምለምናችሁ ግን ዕቃውን ነው። ጠርሙሱን፣ ባዶም ቢሆን፣ በፌስታል ቋጥራችሁ አምጡልን። የመርዙ ስም ሲታወቅ ሕክምናው ይለያል። ስንት ሰዓት ላይ እንደጠጣና ምን ያህል እንደጎደለም ንገሩን፤ የሚቆጣችሁ የለም።

ላምባ የጠጣ ልጅ ደህና ቢመስልም ቢያንስ 6 ሰዓት እናቆየዋለን፤ ሳልና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላልና «ተሽሎታል» ብላችሁ ይዛችሁት እንዳትሄዱ።

ላምባም ሆነ ፀረ ተባይ በሃይላንድ ፕላስቲክ አትቅዱ፤ ልጅ የሚጠጣ ውኃ ይመስለዋል። ከነዕቃው ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ አልጋ ሥር ግን አይሁን።