ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያከራዩ፦ ቁልፉን ከማስረከብዎ በፊት

ኮንዶሚኒየም የደረሰው ወይም ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ጨምሮ የሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ላከራየው?» ብሎ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን የአከራይ ጣጣ የሚያልቀው ቁልፉ ከእጁ ሳይወጣ ነው፤ ተከራይ ከገባ በኋላ የሚታረመው ጥቂት ነው።

1. ዋጋ ይቁረጡ። የደላላውን ቃል ብቻ አይያዙ፤ እዚያው ሰፈር የተከራዩ ሰዎችን ይጠይቁ። በ15,000 ብር ወዲያው የሚያዝ ቤት «16,000 ካላገኘሁ» ተብሎ ሁለት ወር ባዶ ቢቀመጥ 30,000 ብር ቀረ ማለት ነው። የተጨመረችው 1,000 ብር በሁለት ዓመት የምታስገባው 24,000 ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከዚያ ማነስ አይችልም። ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ከሚያሳውቀው ጣሪያ ሳያልፍ ነው። «በርካሽ አስገብቼ ከሦስት ወር በኋላ እጨምራለሁ» የሚለው የድሮ ስሌት ቀርቷል።

2. መብራትና ውሃውን ይለዩ። ይህን የምለው ተቃጥዬበት ነው። የመጀመሪያውን ተከራዬን ያስገባሁት «የመብራቱን እኩል እንከፍላለን» ብዬ ነበር። በሦስተኛው ወር እህቱ መጣችና በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ መጋገር ጀመረች። እሷ ምን አጠፋች? ነገር ግን ከዚያ በኋላ የጠዋት ሰላምታችን ሁሉ ስለ ቆጣሪ ሆነ። የተከራዩን ፍጆታ ለብቻ የሚለካ ቀናሽ ቆጣሪ ለማስገባት የሚወጣው ገንዘብ ከጎረቤት ጠብ ይረክሳል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ የጥበቃና የጽዳት መዋጮ የማን እንደሆነ ከወዲሁ ተነጋገሩ።

3. ተከራዩን ይወቁ። መታወቂያውን፣ ሥራውንና ስንት ሆነው እንደሚገቡ ይጠይቁ። የአሁኑ አከራይ እንዲለቅለት ብሎ ሊያሞግሰው ይችላልና፣ ከተቻለ ከዚያ በፊት የነበረውንም ያነጋግሩ።

4. ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ። የኪራዩ መጠን፣ የመክፈያው ቀን፣ የተበላሸ ነገር ቢኖር ጠጋኙ ማን እንደሆነ በግልጽ ይስፈር። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ መሆን አለበት። ውሉ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ። በአዲስ አበባ ምዝገባው የሚከናወነው በወረዳ ነው፤ የይዞታ ማረጋገጫና መታወቂያ ይዘው ይሂዱ። ውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ በውክልናው ላይ ማከራየት፣ ውል መፈረምና ኪራይ መቀበል ተለይተው ይጻፉ።

5. ግብሩን አይርሱ። የኪራይ ገቢ ግብር የሚከፈለው በገቢ ግብር ሕጉ ሠንጠረዥ «ለ» ነው። ግብር ለማሳነስ ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ የሚጽፉ አሉ። ከሕገ ወጥነቱ ሌላ ሞኝነትም ነው፦ ተከራዩ መክፈል ያቆመ ዕለት ፍርድ ቤት ይዘው የሚቀርቡት ያንኑ ወረቀት ነው።

6. ያስረክቡ። ክፍል በክፍል አብራችሁ እየዞራችሁ ፎቶ አንሡ፤ ቧንቧውን ክፈቱ፣ መስኮቱን ዝጉ፣ የተሰነጠቀውን ሴራሚክ ሳይቀር መዝግቡ። የቁልፎቹን ብዛትና የዕለቱን የቆጣሪ ንባብ ከታች ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ።