ናኖ ቦርድ ኮድ አልቀበል ሲል

አራት ኪሎ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማሪ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ያመጣኋቸው ናኖ ቦርዶች (በኮድ የሚታዘዙ ትንንሽ የአርዱዊኖ ሰሌዳዎች) ሦስት ቀን ፈጁብኝ፤ ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩ ፖርታቸው (ኮምፒውተሩ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መስመር) አይታይም።

አርዱዊኖ አይዲኢን (ኮድ ጽፈን ወደ ቦርዱ የምንጭንበትን ፕሮግራም) አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፤ አልሆነም። ኬብል ቀየርኩ (ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ ዳታ የማያስተላልፍ የስልክ ኬብል ስላለ እሱንም ፈትሹ)፤ ያው ነው። በመጨረሻ ቦርዱን ገልብጬ ሳየው ከጀርባው ያለው የዩኤስቢ ቺፕ ሲኤች340 ነው። የእሱን ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ቺፑን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ሶፍትዌር) ዊንዶውስ ላይ ስጭን ፖርቱ ብቅ አለ።

ኮዱ ግን «ኖት ኢን ሲንክ» (አልተጣጣመም) እያለ አልጫን አለ። ልጆቹ አንዲት መብራት እንኳ ብልጭ ሳትልላቸው ተስፋ እንዳይቆርጡ ሰግቼ ነበር። የሠራው አይዲኢው ላይ ቱልስ የሚለው ሜኑ ውስጥ ገብቶ ፕሮሰሰር የሚለውን «ኤቲሜጋ328ፒ ኦልድ ቡትሎደር» ማድረግ ነው። ቡትሎደር ማለት ኮዱን ከኮምፒውተር ተቀብሎ ቦርዱ ላይ የሚጭን ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ አሮጌው በሰከንድ 57600 ቢት፣ አዲሱ 115200 ቢት ፍጥነት ስለሚነጋገሩ ነው አለመግባባቱ። ሁለቱንም እርምጃ በአማርኛ ጽፌ ከየቦርዱ ጋር አያይዣለሁ።