እንቁራሪት ለልጆቿ የምትመርጠውን ኩሬ መሥራት

እንቁራሪት እንቁላል ከመጣሏ በፊት የምታጣራው ዋና ነገር የጠላት መኖር አለመኖር ነው። ብዙ የዛፍ እንቁራሪቶች ዓሣ ያለበትን ኩሬ ይሸሻሉ፤ ዓሣው ባይታያቸው እንኳ ወደ ውሃው የሚለቀውን ኬሚካል ይለያሉ። ጉርጥ ግን እጮቿ ለብዙ ዓሦች ስለማይጣፍጡ ያን ያህል አትጠነቀቅም። ዝናብ ያቆረው፣ በድርቅ ወራት የሚነጥፍ ውሃ ተፈላጊ የሆነው ዓሣ ስለማይከርምበት ነው። ቶሎ ከደረቀ ደግሞ እጮቹ እግር ሳያወጡ ያልቃሉ። አብዛኞቹ ዝርያዎች ከእንቁላል እስከ ትንሽ እንቁራሪት ከ6 እስከ 16 ሳምንት ይፈልጋሉ፤ ኩሬያችሁ ቢያንስ ይህን ያህል ውሃ መያዝ አለበት።

ቦታው የቀኑን ግማሽ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። የሞቀ ውሃ እንቁላሉን ቶሎ ያስፈለፍላል፤ እጮቹ የሚግጡትን አልጌም ያበቅላል። ትልቅ ዛፍ ሥር አትቆፍሩ፤ የረገፈው ቅጠል ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ታጥቦ ከሚወርድበት ቦታም ራቁ።

ለጀማሪ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ መሃሉ 50 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ኩሬ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዳሩ ላይ ነው። ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ መቆፈር ይቀላል፤ ነገር ግን ሳንባ አውጥተው ለመውጣት የሚታገሉት ትንንሽ እንቁራሪቶች መወጣጫ አጥተው ይሰጥማሉ። ቢያንስ በአንዱ በኩል በየ1 ሜትሩ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚወርድ ተዳፋት አውጡለት። እንቁላል በብዛት የሚጣለውም በዚያው ጥልቀት በሌለው ዳር ነው።

ውሃው ወደ አፈር እንዳይሰርግ ጉድጓዱ ውስጥ የሚነጠፈውን የጎማ ሸራ ስትለኩ በርዝመቱም በወርዱም ላይ የጥልቀቱን እጥፍና ለዳር መቅበሪያ 60 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ለዚህ ኩሬ 4.6 ሜትር በ3.6 ሜትር ይሆናል። ስለታም ድንጋይና ሥር ለቅማችሁ 5 ሳንቲ ሜትር ደቃቅ አሸዋ ካነጠፋችሁ በኋላ ሸራውን ዘርጉ። ጠርዙን ዙሪያውን በውሃ ልክ አስተካክሉ፤ አንዱ ጎን ዝቅ ካለ ውሃው በዚያ ይፈሳል፣ በሌላው ወገን የተጋለጠውን ሸራ ፀሐይ ይጎዳዋል። ከላይ የታጠበ አሸዋ አልብሱ። የአትክልት አፈር ወይም ኮምፖስት ከጨመራችሁ ውሃው አረንጓዴ ሾርባ ይሆናል።

የዝናብ ውሃ ከሁሉ ይሻላል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እስኪተን ሳይከደን 1 ወይም 2 ቀን ይቀመጥ፤ ክሎራሚን (ከክሎሪንና ከአሞኒያ የሚሠራ የውሃ ማከሚያ) ያለበት ውሃ ግን በማስቀመጥ አይጠራም፣ ማርከሻ ይፈልጋል።

ቀጭን ግንድ ያላቸው የአካባቢው የውሃ ዕፅዋት ይተከሉ፤ ብዙ ዝርያዎች እንቁላላቸውን እዚያ ላይ ያጣብቃሉ። ከኩሬው ሲሶው ክፍት ይሁን። ዳሩን ሣር አትጨዱ፤ የድንጋይ ክምርም ለመደበቂያ ይጠቅማል።

እንቁራሪትም እንቁላልም ከሌላ ቦታ አታምጡ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው፣ ብዙ ዝርያዎችን ያመናመነው የቆዳ ፈንገስ በውሃና በጭቃ ይጓዛል። እንቁራሪቶቹ ኩሬውን ራሳቸው ያገኙታል፤ አንድ ዓመት ቢፈጅም ታገሡ። ለወባ ትንኝ ተብለው የሚጨመሩ ዓሦች እጮቹንም ይበላሉ፣ ስለዚህ አይግቡ። የውሃ ጢንዚዛና ሌሎች ሥጋ በል ነፍሳት ጥቂት እጭ ቢበሉም የትንኝ እጭ ስለሚቀንሱ ተዉአቸው።

በእንቁላሉ ክምችት ውስጥ ጥቂት ነጭ፣ ጥጥ የለበሱ ፍሬዎች ብታዩ የሞቱ ወይም ያልዳበሩ ናቸው፤ ያጋጥማል። ሙሉው ከነጣ ውርጭ ወይም ኬሚካል ጠርጥሩ። አረንጓዴ ውሃን በመድኃኒት አታክሙ፤ ዕፅዋት ጨምሩ፣ የበሰበሰ ቅጠል አውጡ። ውሃው ያለጊዜው ከወረደ በዝናብ ውሃ በትንሽ በትንሹ ሙሉት።

አንዳንድ እንቁራሪቶች ኩሬ ላይ እንቁላል አይጥሉም፦ ከውሃ በላይ ባለ ቅርንጫፍ ላይ የአረፋ ጎጆ የሚሠሩ አሉ፤ እጮቻቸውን በጀርባ አዝለው በቅጠል ውስጥ ወደተጠራቀመ ውሃ የሚወስዱም አሉ። ለእነርሱ ይህ ኩሬ ብቻውን አይበቃም።

ኩሬውን የምታጸዱት ትንንሾቹ ከወጡ በኋላ ነው። ከዕፅዋቱ ሲሶውን ብቻ ንቀሉ፤ የተነቀለውን ዳር ላይ አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ የተያዙት ፍጥረታት ወደ ውሃው ይመለሱ።