ልብ አንጠልጣይ ልብወለድ ለመጻፍ፦ ከራፖር ጸሐፊ ጠረጴዛ

ልብ አንጠልጣይ ልብወለድ ልጽፍ ነው የሚሉ ልጆች ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ አገዳደል ነው። በመርዝ ይሁን በሽጉጥ? ሬሳው የት ይገኝ? ማን ይየው? እኔ ደግሞ መልሼ አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። «ቀጠሮው መቼ ነው?» ግራ ይገባቸዋል።

ደብረ ብርሃን፣ ፍርድ ቤት አካባቢ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። አቤቱታ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ የዋስትና ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከዚያ በተረፈኝ ሰዓት ልብወለድ እጽፋለሁ። ባለጉዳይ ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጦ የከፋ ቀኑን ሲነግረኝ ሁሌ የማየው ነገር አለ። ደሙንና ዱላውን ሰው ቶሎ ያልፈዋል። «እትዬ፣ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ካልደረስኩ መዝገቡ ይዘጋብኛል» ሲል ግን ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዝም ብለው ያዳምጡታል። ልብ የሚያንጠለጥለው እሱ ነው። የታወቀ ሰዓት፣ እና እዚያ ለመድረስ የሚያስቸግር መንገድ።

የልብ አንጠልጣይ ልብወለድ ደራሲን ሕይወት ማወቅ ለሚፈልግ የምጠቅሰው ጆን ግሪሻምን ነው። እሱም የተነሳው ከፍርድ ቤት ነዋ። አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ሳውዝሄቨን በምትባል ከተማ ጠበቃ ነበር። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አባልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ችሎት ውስጥ አንዲት የተደፈረች የ12 ዓመት ልጅ ስትመሰክር ሰማ። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀው አለ። የልጅቷ አባት ጥቃት አድራሾቹን ቢገድላቸውስ? ያን ጥያቄ ይዞ ሦስት ዓመት ያህል ጻፈ። አሳታሚዎች ደጋግመው መለሱት። በመጨረሻ አንድ ትንሽ አሳታሚ 5,000 ቅጂ አተመለት። «ኤ ታይም ቱ ኪል» የሚባለው ነው። ያኔ ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነበር።

ወደ ገበያው ኋላ እመለሳለሁ። አሁን ጥያቄው ላይ እንቆይ።

ጥሩ ጥያቄ መልሱ በየትኛውም በኩል ሰው የሚጎዳ ነው። አንባቢውም «እኔ ብሆንስ?» ማለት አለበት። ከእኛ አገር አንድ ልስጣችሁ። የመንዝ ገበሬ ነው። የወንድሙን ገዳይ ከብዙ ዓመት በኋላ ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ ማሾ ሲሸጥ አገኘው። ይህ ብቻውን ተራ የበቀል ታሪክ ነው። አሁን አንድ ነገር ጨምሩ። ሽማግሌ ገብቶ ደም ደርቋል፣ ቤተሰቡ ካሳ ተቀብሏል፣ መሐላ ተምሏል። እሱ ግን ያን ቀን አልነበረም። ቢገድል መሐላው በእናቱ ላይ ይፈርሳል። ቢተው ሌሊቱን እንዴት ይተኛል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ካገኛችሁ መጽሐፍ አላችሁ። ካላገኛችሁ ሬሳ ብትደረድሩም አይረዳችሁም።

ሰዓቱን ከሕጉ ውሰዱ

ሰዓት መፍጠር አያስፈልግም፤ ሕጉ አስቀምጦላችኋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ቀጥሎ ያለውን ግን ጸሐፊዎቻችን አያነቡትም። ሰውየው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ከ48 ሰዓቱ ውስጥ አይቆጠርም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ተጠርጣሪው የተያዘው ከመንዝ ራቅ ካለ ቀበሌ ነው እንበል። ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ከዚያ እስከ ፍርድ ቤቱ በአግባቡ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ፖሊሱ አንድ ቀን ይላል። ጠበቃው «ያን ዕለት የገበያ አይሱዙ አልፏል፣ በግማሽ ቀን ይደርስ ነበር» ይላል። የአይሱዙው ሾፌር ይፈለጋል። ሾፌሩ ደግሞ ያን ቀን በዚያ መንገድ ማለፉ እንዲታወቅበት አይፈልግም። ለምን? አያችሁ፣ ከአንድ የሕግ ዓረፍተ ነገር ሦስት ምዕራፍ ወጣ። ጥይት አልተተኮሰም።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ጥሩ ነው። ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። በአንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ከ14 ቀን አይበልጥም። ይህ ማለት መጽሐፋችሁ በየ14 ቀኑ በራሱ የሚያንኳኳ በር አለው ማለት ነው። መርማሪው በእያንዳንዱ ቀጠሮ አዲስ ነገር ይዞ መቅረብ አለበት፤ ባዶ እጁን ከመጣ ዳኛው ይቆጡታል። ታሪካችሁ በየትኛው ዓመት እንደሆነ ወስኑና የዚያን ዘመን ሕግ አንብቡ።

አንድ ልጨምር። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተራ የሰው ግድያ፣ አንቀጽ 540፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ከባድ የሰው ግድያ፣ አንቀጽ 539፣ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። በሁለቱ መካከል አንዳንዴ አንድ ቢላዋ ብቻ አለ። ሰውየው ቢላዋውን የገዛው ከጠቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የሱቁ ባለቤት ታስታውሳለች? ማን ጠየቃት? ማንስ ቀድሞ ጠየቃት?

በፊልም ያያችሁትን ችሎት ግን እዚህ አታምጡብኝ። 12 ተራ ሰዎች ተደርድረው «ጥፋተኛ ነው» የሚሉበት ችሎት እኛ ጋ የለም፤ የሚፈርደው ዳኛ ነው። ካፖርት ለብሶ የሚዞር የግል መርማሪም ደብረ ብርሃን ላይ አይታየኝም። (ካፖርቱ ለብርዱ ከሆነ ይሁን።) ጉዳዩን የሚከታተለው ሰው በራሱ ሥራ ምክንያት የገባበት ይሁን። ጠበቃ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ነርስ፣ የሹፌር ረዳት። የግሪሻም ዋና ገጸ ባሕርያት ብዙዎቹ ጠበቆች የሆኑት እሱ የሚያውቀው ያን ዓለም ስለሆነ ነው።

መንገዱ ይሥራላችሁ

እኛ ሰሜን ሸዎች በመንገድ ሀብታም ነን። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ጉም ሲወርድ ሾፌሩ የፊቱን መኪና አያየውም፤ መብራቱን ብቻ ነው የሚከተለው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ዋሻ ውስጥ ትገባላችሁ። ስትወጡ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ጋቢው ታጥፎ ጉልበት ላይ ነው፤ መስኮት ክፈቱ የሚል ጭቅጭቅ ተነስቷል።

ይህን ለመልክዓ ምድር መግለጫ አታባክኑት። ማስረጃ አድርጉት። ታኅሣሥ ላይ አንድ ሰው ለመርማሪ ቃሉን ይሰጣል። «ወሩን ሙሉ ሸዋ ሮቢት ነበርኩ፣ ዛሬ ጠዋት ነው የመጣሁት» ይላል። መርማሪዋ ቃሉን ትጽፋለች። ከንፈሩን ታያለች። በውርጭ ተሰነጣጥቋል። ምንም አትናገርም፣ አስፈርማው ትሸኘዋለች። የደብረ ብርሃን አንባቢ ሲያነበው ይስቃል። የአዲስ አበባው ደግሞ ከሁለት ገጽ በኋላ ይገባዋል።

ወይም መንዝ ጓሳን፣ ያን ጓሳ የሚባል ሣር የሚበቅልበትን ምድር፣ ውሰዱ። ሣሩን ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረው ከጥንት ጀምሮ ነው። ጓሳ ለቤት ክዳንም ለገመድም ይሆናል። በተዘጋበት ወቅት በአንድ ሰው ቤት ገና ያልደረቀ የጓሳ ገመድ ከተገኘ ሰውየው የት እንደነበር ታወቀ። ለመናገር የሚፈራውም ግድያውን ላይሆን ይችላል፤ ሣር መስረቁን ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ምስክር በጣም እወዳለሁ። በትንሽ ጥፋት አፍሮ ትልቁን የሚደብቅ።

ስለ ጥርጣሬ አሠራር አንድ ምሳሌ ልስጥ። ይህን አንብቡ።

«ሚኒባሱ ኬላው ጋ ቆመ። ፖሊሱ መታወቂያ ጠየቀ። ተሾመ ኪሱን ዳበሰ።»

ምንም የለውም። አሁን ከዚህ በፊት ባለው ገጽ ላይ ደብረ ሲና አንድ አልጋ ቤት ውስጥ አብሮት ያደረው ሰው ሌሊት ተነስቶ የተሾመን መታወቂያ ወሰደ፤ በቦታው ፖሊስ የሚፈልገውን ሰው መታወቂያ አስቀመጠ እንበል። ተሾመ አላየም። አንባቢው አይቷል። ከዚያ ያንኑ ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር መልሳችሁ አንብቡ። አንዲት ቃል አልተቀየረችም። ጀማሪ ጸሐፊ ምስጢሩን እስከ መጨረሻው ገጽ ይቆልፋል፤ አንባቢውን ማስደንገጥ ይፈልጋል። ድንጋጤ ግን አንድ ገጽ ነው። ቀድሞ የነገራችሁት አንባቢ ሃያ ገጽ ይጨነቅላችኋል።

ንግግርን ከባለጉዳይ ተማሩ። ባለጉዳይ ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው። «ቤቴን ነጠቀኝ!» ይላል። ማን? መቼ? በምን ወረቀት? እየጎተትኩ ነው የማወጣው። ገጸ ባሕርያችሁም እንደዚያ ይናገሩ፤ አንባቢው ይጎትት። ሌላም አለ። እውነተኛ ሰው ሰዓቱን ስትጠይቁት «ከብት የሚገባበት ግድም» ይላል። «ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ» ብሎ ሳይጠየቅ የሚጀምረውን እኔ ቀና ብዬ አየዋለሁ።

የሰው ጉዳይ ግን አይነካም። ባለጉዳይ የነገረኝን ታሪክ ስም ቀይሬም ቢሆን አልጽፍም። እዚህ ሁሉም ይተዋወቃል። ስሙን ብትቀይሩት በቅሎውን ያውቋታል። የምወስደው አነጋገሩን፣ ፍርሃቱን፣ እጁን የሚያስቀምጥበትን ቦታ ነው። ታሪኩን ራሴ እሠራለሁ።

መቼ ይጻፋል?

ግሪሻም ጥብቅናውን ሳይተው ነው የጻፈው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሳ፣ ቢሮ ሳይገባ። የደብረ ብርሃንን ንጋት ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ይመስላል። ጣት አይታዘዝም። ጋቢና ትኩስ ነገር ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። አንድ ገጽ ይበቃል። በቀን አንድ ገጽ በዓመት መጽሐፍ ነው። ማታ እጽፋለሁ የሚል ሰው ይጻፍ፤ እኔ ማታ የምጽፈው አቤቱታ ይመስልብኛል።

የተጻፈውን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ አገሩ ቁጭ ብሎ ሰምቷል። የአማርኛ አንባቢ ጆሮ አለው። ስታነቡ ትንፋሽ ካጠራችሁ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። ምዕራፉንም መልሱ ከመምጣቱ በፊት ቁረጡት፤ በሩ ሲንኳኳ እንጂ ሲከፈት አይደለም።

ኅትመቱ

እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የማተሚያውን ወጪ የሚችለው ደራሲው ራሱ ነው። ስለዚህ ከማተሚያ ቤት በፊት ጥሩ አራሚ ፈልጉ፤ ለሽፋን ከምታወጡት ለአራሚ አውጡ። የቅጂ መብታችሁን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለላችሁ። ሥራው እንደተጻፈ ይጠበቃል፣ የግድ መመዝገብ የለበትም። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ መጽሐፉ በሳምንቱ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ሊወጣ ይችላል። እያናደደም ቢሆን እወቁት።

ግሪሻም ከ5,000ው ቅጂ 1,000 ያህሉን ራሱ ገዝቶ እያዞረ ሸጧል። ስለዚህ መጽሐፍ ተሸክሞ መዞር አያሳፍርም። መናኸሪያ፣ ዩኒቨርሲቲው በር፣ የበዓል ገበያ፣ ሁሉም ይሆናል። አዟሪ ሲወስድላችሁ ድርሻውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ስንት ፍሬ እንደወሰደ፣ መቼ እንደሚመልስ፣ ያልተሸጠው እንዴት እንደሚሆን በወረቀት ላይ ይስፈር፤ ሁለታችሁም ፈርሙ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሁለተኛው መጽሐፍ ነው። ግሪሻም የመጀመሪያውን በጨረሰ ማግስት ሌላ ጀመረ። አንድ ወጣት ጠበቃ ጥሩ ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት ይቀጠራል፤ ድርጅቱ ግን የሚመስለውን አይደለም። «ዘ ፈርም» ተባለ። የፊልም መብቱ በ600,000 ዶላር ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1991 ታትሞ ኒው ዮርክ ታይምስ የብዙ ተሻጮች ዝርዝር ላይ 47 ሳምንት ቆየ። «ኤ ታይም ቱ ኪል»ንም ሰው ፈልጎ ያነበበው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው እስኪሸጥ እጁን አጣጥፎ ቢጠብቅ ኖሮ ዛሬም ሳውዝሄቨን ላይ ክስ ይከራከር ነበር። እናንተም ረቂቁን ለአራሚው በሰጣችሁ ማግስት፣ በ11 ሰዓት፣ አዲስ ደብተር ክፈቱ። መጀመሪያ መስመር ላይ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጻፉ።